ለካፋ የምመኘው ካርታ

ካፋ ሲነሳ በአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ቡና ነው። በማስታወቂያውም፣ በቱሪዝም በራሪ ወረቀቱም፣ በማሸጊያ ከረጢቱም ላይ ያለው ይኸው ነው። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ በዴቻ ወረዳ ማንኪራ የጫካ ቡና በጥላ ሥር እንደ በቀለ ይገኛል፣ የቦንጋ ከተማም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቶላታል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በአንድ ሥዕል ብቻ ሲታወቅ የቀረው ታሪኩ ቀስ በቀስ ከአፍም ከዓይንም ይጠፋል። ስለዚህ ለካፋ እንደ ታሮት ያለ፣ 78 ሥዕሎች ያሉት የራሱ ካርታ እመኝለታለሁ። የምመኘው ማንኛውንም ካርታ አይደለም። የሚያኮራውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳዝነውንና የሚያሳፍረውንም የያዘ እንዲሆን ነው የምሟገተው። እነዚህ ተነቅሰው ወጥተው የሚሠራ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል።

ታሮት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጠንቋይ ነው። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከጨዋታ ነው። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ መጫወቻ ሆኖ የተሠራ ካርታ ነው፤ ለሚላኖ ገዢዎች ለቪስኮንቲና ለስፎርዛ ቤተሰቦች በእጅ ከተሣሉት ካርዶች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ዕጣ ፈንታ ይገልጣል የሚለው ወሬ የተስፋፋው ከ300 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1781 እ.ኤ.አ. ኩር ደ ዤብለን የተባለ ፈረንሳዊ፣ ካርታው የጥንት ግብፃውያን የምሥጢር መጽሐፍ ነው ብሎ ያለ ማስረጃ ጻፈ፤ ጠንቋዮችም ተከትለውት ገቡ። ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው ካርታ ደግሞ በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የታተመው ሲሆን ሥዕሎቹ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናቸው። ከእርሷ በፊት በአብዛኞቹ ካርታዎች ትንንሾቹ ካርዶች አምስት ጽዋ፣ ሰባት ሰይፍ እያሉ ዕቃ ከመቁጠር አያልፉም ነበር። እርሷ ግን ከጥቂቶቹ በቀር በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አንድ ነገር የሚያደርግ ሰው ሣለችበት። ካርታውን ያስወደደው ትንቢቱ ሳይሆን ይህ ሥራዋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካርታ የባዕድ ነገር ነው የሚል ሰው የካርታን ጉዞ ይመልከት። አውሮፓ ራሷ ካርታን ያገኘችው ማምሉክ የተባሉ ገዢዎች ከነበሯት ግብፅ እንደሆነ ይታመናል። የማምሉኮች ካርታ አራት ምልክቶች ነበሩት፤ ጽዋ፣ ገንዘብ፣ ሰይፍና የፖሎ ዱላ። ኢጣሊያኖችና ስፔኖች ፖሎን ስለማያውቁት ዱላውን ተራ በትር አደረጉት። ጀርመኖች ደግሞ አራቱንም ትተው ልብ፣ ደወል፣ ቅጠልና የኦክ ዛፍ ፍሬ ተኩባቸው። ካርታ የደረሰበት አገር ሁሉ የራሱን ዕቃ ሥሎበታል። ካፋ የራሱን ቢሥልበት አዲስ ነገር አያደርግም።

ከእምነት በኩል የሚመጣው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጥንቆላን ያወግዛሉ። አገራችንም ቢሆን ዕጣ ፈንታ ገላጭ አጥታ አታውቅም፤ በስምና በእናት ስም ኮከብ የሚቆጠርበት አውደ ነገሥት አለ፣ ዛጎል ጣይ አለ፣ ሞራ ገላጭ አለ፣ የቡና አተላ አይቶ የሚናገርም አለ። በዚህ ላይ ሌላ መጨመር አያስፈልግም፤ በዚህ ነጥብ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። የእነዚህ ሁሉ ጠባይ አንድ ነው፤ መልሱ በገላጩ እጅ ነው፣ ጠያቂው ከፍሎ ከመስማት በቀር ድርሻ የለውም። የምመኘው ካርታ አጨዋወት ግን ተቃራኒው ነው። አንዱ ካርድ ያወጣል፣ ስለ ሥዕሉ የሚያውቀውን ይናገራል፤ ሌላው ይጨምርበታል ወይም ያርመዋል። ነገን የሚናገር የለበትም፣ ትናንትን ግን ሁሉም ይናገራል። በዚሁ ምክንያት ከካርታው ውጭ ሆን ተብሎ የሚቀር ነገር አለ፤ እርሱም የኤቆ መንፈስ ያድርባቸዋል የሚባሉት የአላሞዎች ሥርዓት ነው። ለሚያምንበት የተከበረ፣ ለማያምንበት የተወገዘ ነው። በሁለቱም ወገን ቢሆን መጫወቻ ሊሆን አይገባውም።

አራቱ ምልክቶች የቡና ፍሬ፣ ቀፎ፣ እንሰትና ጦር ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ቡናው ለጉርብትና፣ ቀፎው ለሥራ፣ እንሰቱ ለቤትና ለጓዳ፣ ጦሩ ለሥልጣንና ለጠብ ይቆማል። እዚህ ላይ የፓሜላን ብልሃት መከተል ይገባል። ሰባት ቀፎ የሚለው ካርድ ሰባት ቀፎ ደርድሮ ማሳየት የለበትም። ረጅም ዛፍ ይሣል፤ በገመድ የሚወጣ ሰው፣ በእጁ የሚጤስ ችቦ፣ ከላይ ቅርንጫፉ ላይ የተጋደሙ ሞላላ ቀፎዎች፣ ከታች ቀና ብሎ የሚጠብቅ ልጅ ይታዩበት። ይህን ካርድ ያወጣ ሽማግሌ ስለ ዛፉ ባለቤትነት፣ ስለ ገመዱ አሠራር፣ ማር የሚቆረጥበትን ወቅት ስለማወቅ ሳይናገር አያልፈውም።

ከታሮት 78 ካርዶች 22ቱ ከአራቱ ምልክቶች ውጭ የሆኑ ዋና ዋና ካርዶች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ የገተም ዛፍ ይሁን። የገተም ዘር ብዙ ጊዜ የሚበቅለው በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ መሬት ይይዝና ኋላ ራሱን የቻለ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ነጩን ማር የሚሰጠው አበባም የእርሱ ነው። እንዲህ ያለው ካርድ በማን ትከሻ ላይ ቆመህ አደግህ ብሎ ይጠይቃል። ሌላው የእግዜር ድልድይ የሚባለው የቦንጋ የተፈጥሮ ድልድይ ይሁን። ሌላው የጫካው አንበሳ ይሁን፤ ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ከተመዘገበ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፎቶግራፍ የተረጋገጠው ማለት ነው። ዘውዱም አይቀርም። የካፋ ዘውድ መንግሥቷ በጦርነት ከተሸነፈ በኋላ ከምድሩ ወጥቶ እስከ ስዊዘርላንድ ተጉዟል፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። ዘውዱ በሌለበት ንጉሥ እንዴት ይነግሣል የሚለው ካፋ በተግባር የኖረበት ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ከባዶቹ ልምጣ። በታሮት 13ኛው ካርድ ሞት ነው፤ 16ኛው መብረቅ የመታው ግንብ ነው። ካርታውን ከተራ ጌጥ የሚለዩት እነዚህ ናቸው። የካፋ 16ኛ ካርድ ቦዩ ሊሆን ይገባል። የካፋ ነገሥታት ድንበራቸውን በጥልቅ ቦይና በኬላ አጥረው ለረጅም ዘመን ተከላክለዋል። በ1889 ዓ.ም. የማዕከላዊው መንግሥት የጦር መሪ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከራስ ደምሴና ከጅማው አባ ጅፋር ጦር ጋር ሆኖ ያን አጥር ሰበረ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾም ለወራት ከተዋጉ በኋላ በመስከረም 1890 ዓ.ም. ተማረኩ። 13ኛው ካርድ ሰንሰለት ይሁን፤ የመጫወቻ ካርታ ንጉሥ ከላይም ከታችም ራስ እንዳለው፣ ይህም ካርድ ሁለት ፊት ይኑረው። በአንዱ በኩል ሲያዝ በሰንሰለት ታስረው የሚወሰዱት ንጉሥ ይታዩ። ካርዱ ሲገለበጥ በዚያው ሰንሰለት ጫፍ በንጉሡ ዘመን ለገበያ የሚነዳ ባሪያ ይታይ። ካፋ የጦርነትና የባሪያ ፈንገላ ሰለባ ነበረች፤ መንግሥቷ ደግሞ ከመውደቁ በፊት በባሪያ ንግድ ውስጥ እጁ ነበረበት። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው የታሪክ ግማሽ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ካርድ በረኛው ነው። ማንጆዎች በአደንና በደን ሥራ የሚታወቁ፣ በመንግሥቱ ዘመን የድንበሩን በሮች በመጠበቅ ያገለገሉ ወገኖች ናቸው። ያም ሆኖ አብሮ መብላት፣ ቤት መግባትና መጋባት ተከልክለው ኖረዋል፤ መገለሉም ዛሬ ፈጽሞ ጠፍቷል ሊባል አይችልም። በካርዱ ላይ አንድ ሰው ጦሩን ይዞ በሩን ይጠብቅ፤ ከኋላው ቤት ውስጥ እሳት ይንደድ፣ ሰዎች ይብሉ፤ እርሱ በውጭ ይቁም። ቁስል መቀስቀስ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ጥያቄው ግን ቁስሉ የተኛው ለማን ነው የሚል ነው። የማንጆ ልጅ ማንም ሳይሥልለት ያውቀዋል፤ ዝምታው የሚያሳርፈው ያገለለውን ወገን ብቻ ነው። በእርግጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይህን ካርድ ሊሥለው፣ ቢያንስ አይቶ ይሁን ሊለው የሚገባው የማንጆ ወገን ራሱ ነው። እነርሱ አይሁን ካሉ ይቅር፤ ሌላው ግን ስለ እነርሱ ሆኖ አይሰርዘው።

እንዲህ ያለ ካርታ ገበያ አያገኝም የሚለውን ሥጋት አልቀበለውም። ሞትን የያዘው ታሮት በዓለም ሁሉ ይሸጣል፤ ገዢም ከማሸጊያ ሥዕል ያለፈ ነገር ሲያገኝ ይከብደዋል ብዬ አላስብም። መጽሐፍ አይሻልም ወይ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ስለ ካፋ የጻፋቸው ሁለት ቅጾች በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ታትመዋል፤ ለተመራማሪ ሀብት ናቸው፣ ለቦንጋ ቤተሰብ ግን የተዘጋ በር ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ አያትና ትምህርት ቤት የካፋን ቋንቋ ካፊ ኖኖን የሚማር የልጅ ልጅ እኩል የሚይዙት ነገር ሥዕል ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ስሙ በካፊ ኖኖና በአማርኛ ይጻፍ፤ ማብራሪያው ግን አይጻፍ። ማብራሪያው ከተጻፈ አያት የሚናገሩት አይኖርም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የዞኑ የባህል መሥሪያ ቤት አለ፣ በየወረዳው ታሪክ አዋቂ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ። በ78 መጀመር አያስፈልግም፤ 22ቱ ይቅደሙ። ሠዓሊው ንድፉን ለአዋቂዎች ያሳይ፤ አይተው ዝም ካሉ ሥዕሉ አልሆነም፣ እንደገና ይሣል። እናንተም የካፋ ልጆች የሆናችሁ አንባቢዎች፣ የየራሳችሁን 22 ስም ጽፋችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩበት። የፈለጋችሁትን ጨምሩ፣ የፈለጋችሁትን ቀንሱ፤ ሰንሰለቱን ግን አታስቀሩት፣ በረኛውንም እርሱ ራሱ ካላለ በቀር አታውጡት።