ጠርሙሱ የጥጥ፣ መደቡ የጥድ

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ጎራ ብዬ ነበር። ልጅ ያዘለች የቀን ሠራተኛ በውሃ ማጠጫ የጥድ ችግኝ ላይ መድኃኒት ታርከፈክፋለች። ጓንት የለ፣ አፍ መሸፈኛ የለ። መድኃኒቱ የመጣው በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት ኃላፊውን።

«የምስጥ ነው ጋሼ። ከገበያ ነው ያመጣነው።»

ዋናው ዕቃ ላይ ለምን ተብሎ እንደተጻፈ ስጠይቀው ሳቅ አለ። «ለጥጥ ይላል። ለችግኝ የሚል ከየት ይምጣ? መርዙን ሁሉ ከለከሉብን፤ ምስጡን ግን ማን ከለከለው?»

ይህችን ክርክር ከሌሎችም ሰምቻታለሁ። «ደኑን የገደለው ቁጥጥሩ ነው» ይሉናል። እኔ አልስማማም። አልድሪንና ዲልድሪን በችግኝ አፈር ላይ መነስነስ በየአገሩ የደን ባለሙያ ሲመክረው የኖረ ነገር ነው። ምስጡን ገደሉ፤ ግን ለዓመታት ከአፈር አልለቅ፣ ከሰውና ከእንስሳ ስብ አልወጣ አሉ። በ1993 ዓ.ም የስቶክሆልም ስምምነት የከለከላቸው ለዚህ ነው። እኛም ብንሆን በየመጋዘኑ ያከማቸነው ጊዜው ያለፈበት መርዝ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ሲቃጠል አይተናል። ወደዚያ ዘመን እንመለስ የሚል ካለ፣ መጀመሪያ መጋዘኑን እሱ ይጥረግ።

የእኔ ጠብ ከሌላ ነገር ጋር ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ፣ በሥራ ላይም እንዳይውል ይከለክላል። ደግ አደረገ። ግን ላስመዝግብ ብሎ የሚያመለክተው ማነው? ነጋዴው። ነጋዴ ደግሞ ስንዴ፣ ጥጥ፣ አበባ ያያል። ለኮሶና ለጥድ ችግኝ ብሎ የሙከራ ወጪ የሚያወጣ ነጋዴ ካያችሁ ንገሩኝ! ችግኙ እንግዲህ ጠያቂ የለውም። ሕግ አውጪውም መንግሥት፣ የጣቢያውም ባለቤት መንግሥት ሆኖ ሳለ፣ ግራ እጁ የከለከለውን ቀኝ እጁ ከገበያ በሃይላንድ ያስቀዳል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረን። ችግኙን ያፈላችው እጅ ጓንት ነበራት ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ሌላው የምስጥ መድኃኒት ክሎርፒሪፎስ፣ ከነልዩ ፈቃዶቹም ቢሆን፣ ከስምምነቱ ዝርዝር ገብቷል። ነገ በጠርሙሱ ምን ሊቀዳ ነው?

መላው ሩቅ አይደለም። ውሃ መጥኖ ማጠጣት፣ የመደቡን አፈር በላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ ማጋል፣ ኩይሳውን ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት፤ ይህ ሁሉ መርዝ ሳይሆን የሰው ጉልበት፣ ማለትም በጀት፣ ይጠይቃል። ያ ካልበቃ ደግሞ መንግሥት ራሱ አንድ ሁለት መድኃኒት በችግኝ ላይ ፈትኖ በችግኝ ስም ያስመዝግብ፤ የሚረጨውንም ሰው አሠልጥኖ፣ አልብሶ ያሰማራ። ለተከላው ቀን ቲሸርት የሚታተምበት ገንዘብ ለጓንት አያንስም።

ስወጣ ሴትዮዋ እጇን በዚያው ማጠጫ ተለቃልቃ ልጇን ታጠባ ነበር።