ከንቲባው የማን ከንቲባ ነው? ፖሊሱስ የማን ፖሊስ?

ለመሆኑ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሰው ሌሊት ከቤቱ ሲወሰድ፣ ጠዋት ሚስቱ ቁርስ ቋጥራ የምትሄደው ወዴት ነው? መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። «እኛ ዘንድ የለም» ትባላለች። ቀጥላ መምሪያ ትሄዳለች። «ከላይ የመጣ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ይሏታል። ሲጨንቃት ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ትቆማለች። ከንቲባው ስብሰባ ላይ ናቸው። ቢገኙም መልሳቸው ይታወቃል፤ «ፖሊስ ተጠሪነቱ ለክልል ነው» ነው የሚሉት።

እንግዲህ የእኛም ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከተማዋን የሚመሩት ሰው በከተማዋ ማን ታስሮ እንዳደረ ካላወቁ፣ የሚመሩት ምኑን ነው? አስፋልቱን? የቆሻሻ ገንዳውን? ወይስ የሊዝ ጨረታውን?

«ሕጉ እንዲህ ነው» ይሉናል። እሺ፣ ሕጉን እንየው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ላይ የክልል ፖሊስ የማቋቋምና የመምራት ሥልጣን የክልል ነው ይላል። አልካድንም። ግን ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ይጠየቅ ይላል። አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። አንቀጽ 21 ላይ እስረኛውን የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ይጎብኙት ይላል። ታዲያ ሹሞቻችን አንቀጽ 52ን እንደ ዳዊት በቃላቸው ሲወጡት ሌሎቹን አንቀጾች ማን ገነጠለባቸው?

ደግሞም የሚያስቀው ነገር አለ። የጎዳና ቸርቻሪ ሲባረር፣ «ሕገ ወጥ» የተባለ ቤት ሲፈርስ፣ የነጋዴ ሱቅ ሲታሸግ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ጎን ቆሞ የሚታየው ማን ነው? ፖሊስ ነው። በበዓል መድረክ ላይም «የከተማችን የጸጥታ ኃይል» እየተባለ ይመሰገናል። ምስጋናው ሲመጣ ፖሊሱ የከንቲባው ነው፤ ጥያቄው ሲመጣ ደግሞ የክልሉ! እንዲህ ያለ ብልጠት የትም አገር አልታየም።

ባለቤት የሌለው ፖሊስ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ገርባ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ነዋሪው በፖሊስ የተያዘ ሰው ይለቀቅልን ብሎ ጣቢያው ድረስ ሄደ። ያ ቀን ሲመሽ፣ በወቅቱ መንግሥት ራሱ እንደተናገረው፣ 3 ሰላማዊ ሰዎችና 1 ፖሊስ ሞተዋል። መንግሥት ጣቢያው ተወረረ አለ፤ ሌሎች ሕዝብ ላይ ተተኮሰ አሉ። የትኛውም ይሁን፣ ሕዝቡና ጠመንጃ የያዘው ሰው ፊት ለፊት ከመፋጠጣቸው በፊት መሃል ገብቶ «ሰውየው በዚህ ተጠርጥሮ ነው፣ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል» የሚል የታመነ ሹም ቢኖር ኖሮ አራት ነፍስ ይተርፍ ነበር ብንል ማን ይከራከረናል? ከደሴ በስተሰሜን ወልድያም በጥር 2010 ዓ.ም. የቃና ዘገሊላ ዕለት የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰው ቢያንስ 7 ሰው ሞተ። ታቦት ያጀበ ሕዝብ ሬሳ አጅቦ ተመለሰ።

ነገሩ የትንሽ ከተማ ጣጣ ብቻም አይደለም። የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከ138 የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ድምፅ በተሰጠበት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሰልፍ ለአንድ ወር ከልክለው የመዲናዋን የጸጥታ ኃይል በቀጥታ በራሳቸው ዕዝ ሥር አደረጉት። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የቆጠራቸው ሟቾች 193 ሰላማዊ ሰዎች ነበሩ። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ወኅኒ ወረዱ። ያኔ ያየነው አንድ ነገር ነው፤ ፖሊስ ከከተማው ሰው ቁጥጥር ሲወጣ ምርጫውም ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አንዴ ተራዝሞ፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ጊዜው አበቃ። ከመስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በክልሉ የጅምላ እስር ተጀመረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጊዜያዊ ማጎሪያዎች ለወራት ያለ ፍርድ መያዛቸውን ገልጾ፣ የማጎሪያዎቹን ቦታ ሲዘረዝር ከዳንግላ፣ ከሰራባና ከሸዋ ሮቢት ጋር ኮምቦልቻን ጠራ። አዋጅ በሌለበት! 48 ሰዓቱ ወራት ሆነ። የኮምቦልቻ ከተማ ምክር ቤት ያን ጊዜ «በከተማችን የታሰሩት እነማን ናቸው? በማን ትእዛዝ?» ብሎ በአደባባይ ሲጠይቅ የሰማ ካለ ይንገረን። እኛ አልሰማንም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በኢንዱስትሪ ፓርኳ ምርቃት ስሟ የተነሳላት ከተማ በማጎሪያ ስትጠራ ባለቤት ጠፋላት።

ሚዛናዊ እንሁን። ያለ ፖሊስ ከተማ አይኖርም። ደሴና ኮምቦልቻ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ከተሞቹ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ በነበሩበት ጊዜ መጋዘን ተዘርፎ፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ከተሞች እህል ማደሉን እስከ ማቋረጥ ደርሶ ነበር። ሹም መሆንም ቀላል አይደለም፤ የክልሉ የብልጽግና ፓርቲ ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በጥይት ተገድለዋል። ፖሊሱም የድሃ ልጅ ነው፤ በትንሽ ደመወዝ ሌሊት ብርድ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ነገር ግን ፈርቶ ዝም ያለ ሹም የሚጠብቀው ማንን ነው? ሕዝቡ ጣቢያውን ሲፈራው ጥቆማ አይሰጥም፤ ሌባውን ቢያውቅም ዓይኑን ይከድናል። ተጠያቂነት የጠፋበት ፖሊስ መጨረሻው ብቻውን መቅረት ነው።

ነገሩ ሥር አለው። ከንቲባን የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት ነው እንጂ ነዋሪው በቀጥታ አይደለም። ምክር ቤቱስ? በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ኢሕአዴግ በመላ አገሪቱ ከሚሊዮኖች ወንበሮች በጣት ከሚቆጠሩት በስተቀር ሁሉንም ጠቅልሎ ወሰደ። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ቀጣዩ ምርጫ ደግሞ ተራዘመ። የተራዘመው ቀን አልፎም ሌላ ቀን መጣ። ፓርቲው ስሙን ቀየረ፤ ሰዎቹ ወንበር ተቀያየሩ። ከንቲባው ወንበሩን ያገኘው ከነዋሪው ሳይሆን ከፓርቲው ከሆነ ዓይኑም ወደ ፓርቲው ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ?

«ታዲያ ከንቲባው ፖሊስን እየጠራ እገሌን እሰር፣ እገሌን ፍታ ይበል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ኧረ በፍጹም! እሱማ ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ነው። መቆጣጠርና ማዘዝ ይለያያሉ። ለንደንን እንይ፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሕግ ስለ ፖሊስ ዕቅድና በጀት የሚጠየቀው ከንቲባው ነው፤ ማን ይታሰር የሚለውን ግን አያዝም። እኛም የምንለምነው ለንደንን አይደለም። ሦስት ነገር ነው የምንለው። አንደኛ፣ በየጣቢያው ያደሩ ሰዎች ስም ዝርዝር በየጠዋቱ ለከንቲባው ይቅረብ፣ ለቤተሰብም ይነገር። ሁለተኛ፣ 48 ሰዓት ያለፈበት እስረኛ ካለ ከንቲባው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልስ ካጡም ጠይቀው መልስ ማጣታቸውን ለሕዝብ ይናገሩ። ሦስተኛ፣ የፖሊስ መምሪያ ኃላፊው በምክር ቤቱ ፊት፣ ነዋሪው በተገኘበት፣ በየሦስት ወሩ ይጠየቁ። ለዚህ ሁሉ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ብዕርና ድፍረት ይበቃል።

የጥንቶቹ ገዢዎች እንኳ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። ደሴ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን አዳራሽ «አይጠየፍ» ብላ የምትጠራ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ዛሬ የታሰረ ባሏን የምትፈልግ ሴት ከማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ተጠይፋ ትመለስ?

ክቡር ከንቲባ፣ የደሴም ይሁኑ የኮምቦልቻ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የከተማዋ ባለቤት እርስዎ ነዎት ተብሏል። እስቲ ነገ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ጣቢያው ጎራ ይበሉና መዝገቡን አምጡት ይበሏቸው። ካሳዩዎት ለሕዝቡ ይንገሩ። ካላሳዩዎትም ያንኑ ይንገሩን፤ ቢያንስ የከተማችን ባለቤት ማን እንደሆነ አውቀን እንተኛ።