ገዢና ባለቤት

በየጊዜው ያው ወሬ ተመልሶ ይመጣል፤ «በሲሲሊ ደሴት ቤት በአንድ ዩሮ ይሸጣል» የሚል። ከአንድ ስኒ ቡና ባነሰ ዋጋ፣ ዘመናትን የተሻገረ የድንጋይ ቤት! በሰው አገር የቤት ኪራይ ያንገፈገፈው ሁሉ ይህን ሲሰማ፣ በኮረብታ ላይ በተቀመጠች ጭር ያለች ከተማ የእንጨት መስኮት ከፍቶ የወይኑን ተክል ቁልቁል ሲመለከት ራሱን ያያል። ሕልሙን አልነቅፍም፤ እኔም አልሜዋለሁ። የምነቅፈው ከሕልሙ ጋር አብሮ የሚቸረቸረውን ስብከት ነው፤ «ገዢው የምትሞተውን ከተማ ያድናታል» የሚለውን።

ከዋጋው እንጀምር። በአግሪጄንቶ አውራጃ የምትገኘው ሳምቡካ እ.ኤ.አ. በ2019 ባዶ ቤቶቿን ከአንድ ዩሮ መነሻ ለጨረታ ስታቀርብ፣ ገዢው 5,000 ዩሮ መያዣ እንዲያስይዝ፣ በ3 ዓመት ውስጥም ቢያንስ 15,000 ዩሮ አውጥቶ ቤቱን እንዲያድስ ውል ታስገባው ነበር። ተጫራቹ በመብዛቱም ብዙዎቹ ቤቶች በሺዎች በሚቆጠር ዩሮ ተሸጡ። አንድ ዩሮው የወሬው ዋጋ እንጂ የቤቱ ዋጋ አልነበረም።

ቤቶቹ በእርግጥ ያስጎመጃሉ። ከተማዋን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ዐረቦች እንደሆኑ ይነገራል፤ እስከ 1923 ድረስም «ሳምቡካ ዛቡት» ትባል ነበር። የጥንቱ ሰፈር ጠባብ መተላለፊያዎች ዛሬም አሉ። በእንዲህ ያሉ የሲሲሊ ከተሞች የድሀ ገበሬ ቤት ሰውና እንስሳ የሚጋሩት ነበር፤ በቅሎዋ ከታች፣ ቤተሰቡ ከላይ። እ.ኤ.አ. በጥር 1968 የቤሊቼን ሸለቆ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤት ጣለ። ነገር ግን ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሕዝቡን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ጀርመንና ወደ ሰሜን ኢጣሊያ ያፈለሰው ሥራ ማጣት ነው። የተረፈውን ግድግዳ ደግሞ ዝናቡ ቀስ እያለ ናደው፤ የተንሸራተተ የጣሪያ ሸክላ የሚመልስ ሰው አልነበረምና።

ቋንቋችን ለዚህ ነገር ሁለት ቃላት አሉት። «ገዢ» ስንል ገንዘብ ከፍሎ የወሰደውንም፣ በሰው ላይ የሠለጠነውንም ማለታችን ነው። «ባለቤት» ስንል የቤቱን ጌታ፣ የትዳር ጓደኛን፣ በሰዋስውም ድርጊቱን የሚፈጽመውን ማለታችን ነው። ዓረፍተ ነገር ያለ ባለቤት አይቆምም፤ ቤትም እንዲሁ ነው። በዓመት ሁለት ሳምንት መጥቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በሩን ቆልፎ የሚሄድ ሰው ቤቱን ገዝቶታል፤ ባለቤቱ ግን ገና አልመጣም።

«የገዢው ገንዘብ ለግንበኛው፣ ለአናጢው፣ ለቡና ቤቱ ይተርፋል» የሚል ሙግት ይነሣብኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጣሪያውም ከመፍረስ ይድናል። ጠቅልለው የገቡ ገዢዎች ካሉም ወቀሳዬ አይነካቸውም። ነገር ግን ግንበኛው ሥራውን ሲጨርስ መሣሪያውን ሰብስቦ ይሄዳል። ትምህርት ቤት የሚቆመው በልጅ ነው፤ ዳቦ የሚጋገረው በየማለዳው ለሚመጣ ጎረቤት ነው። በነሐሴ ብቻ መብራት የሚታይበት መስኮት ሐኪሙንም መምህሩንም አያቆይም።

ሌላ መንገድ መኖሩን በዚያው አገር አይተናል። በካላብሪያ ባለችው በሪያቼ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1998 ኩርዶችን የጫነች ጀልባ ደረሰች። ዶሜኒኮ ሉካኖ የተባለ የከተማዋ ተወላጅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ነዋሪዎች ዘግተዋቸው የተሰደዱባቸውን ቤቶች ለእነዚያ ስደተኞች አስከፈተ። ከ2004 ጀምሮም ከንቲባ ሆኖ ሥራውን አሰፋው፤ በኋላ ከመጡት መካከል ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሽመናና የሸክላ ሥራ ቤቶች ተከፈቱ፤ በጠባቡ መንገድ ቆሻሻ በአህያ ይሰበሰብ ጀመር፤ ልጅ ያጣው ትምህርት ቤት ልጅ አገኘ። እነዚህ ሰዎች የግዢ ውል አልነበራቸውም፤ ከቤታቸው ግን የወጥ ሽታ ይወጣ ነበር።

ፍጻሜውስ? እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ሉካኖ በቁም እስር ተያዘ፤ የአገር ግዛት ሚኒስቴሩም ስደተኞቹ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወሩ አዘዘ። በ2021 ከ13 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት፤ በ2023 ግን አብዛኛው ክስ በይግባኝ ወድቆ ቅጣቱ ወደ 1 ዓመት ከ6 ወር፣ ያውም በገደብ፣ ወረደ። ሰውየው እንከን የለበትም አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ቤቱን የገዛው ሲጨበጨብለት፣ በቤቱ የኖረበት ሻንጣውን እንዲያነሣ ታዘዘ።

ሳምቡካንና ላምፔዱዛን የሚያስተዳድራቸው አንድ አውራጃ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 በላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች ሰጠሙ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ሳምቡካን በዚህ አልከስም፤ የባሕሩን በር የምትዘጋ እርሷ አይደለችም። ሆኖም ሰው ጠፋ ብሎ ቤቱን በአንድ ዩሮ የሚያቀርብ አገር፣ ሰው ሲመጣበት ምን እንዳደረገ መጠየቅ አለበት።

እኛም ከወቀሳው አናመልጥም። በባዕድ አገር ሌት ተቀን ሠርተን በአገር ቤት ያስገነባነው ስንቱ ቪላ ነው ዘበኛ ብቻ የሚያድርበት? ስንቱስ የአያት ቤት ነው ወራሾቹ በሦስት ክፍለ ዓለም ተበትነው፣ ቁልፉ በአንዱ መሳቢያ ውስጥ የቀረው?

ስለዚህ ከውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይለወጥ እላለሁ። «በ3 ዓመት ውስጥ አድስ» ከሚለው ቀጥሎ «ኑርበት» የሚል ይጻፍ፤ መኖር የማይችል ገዢ ደግሞ ለሚኖር ሰው ያከራይ። አባቶቻችን አዲስ ቤት ሲገቡ ስለ ድንጋዩ ዕድሜ አልተጨነቁም። እንግዳው «ቤት ለእንቦሳ!» ይላል፤ ቤተኞቹም «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው ይመልሳሉ። በተቆለፈ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንዲህ ቢል ማን ይመልስለታል?