ቢራቢሮ ወዳጅ፥ ትል ጠላት

በማደሪያችን ፊት ያለው የአትክልት ቦታ ቢራቢሮ የሚመላለስበት ይሁን የሚል ሐሳብ በመነሣቱ ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ ሊተከሉ የታሰቡትን ስመለከት ሁሉም ለእኛ ዓይን የተመረጡ ናቸው። ድርብርብ ጽጌረዳ ለእኛ ያምራል እንጂ ለቢራቢሮ ይህ ነው የሚባል ምግብ የለውም። ማንም ሳይንከባከበው በመስከረም የሚፈነዳው አደይ አበባ ግን ገበታው ለሁሉም ክፍት ነው።

ከምግቡም ይልቅ የተረሳው የልጆቿ ነገር ነው። ቢራቢሮ እንቁላሏን ባገኘችው ቅጠል ላይ አትጥልም። በሎሚ ቅጠል የሚያድጉ አሉ፤ በሳይንስ «ቫኔሳ አቢሲኒካ» ተብላ በአገራችን ስም የተጠራችው ደግሞ የምታድገው በሳማ ላይ ነው። እኛ ግን ሳማውን ነቅለን፥ በሎሚው ላይ ያየነውን ትል በመርዝ ፈጅተን ስናበቃ፥ «ቢራቢሮው ወዴት ሄደ?» እንላለን።

ሳማ ይለበልባል የሚል ተቃዋሚ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። እንግዲያውስ ከመንገድ ርቆ በአጥሩ ጥግ 4 ወይም 5 ክንድ መሬት ይተውለት። አደዩ በዘሩ ይብቀል፤ ሁለት የሎሚ ችግኝ ይተከል፤ ቅጠሉ ቢበሳሳ አንደንግጥ፤ መርዙም ይቅር።

ውድ ጓደኞቼ፥ ዛሬ በቅጠል ላይ የምንጸየፈው ትል የነገው ቢራቢሮ ነው። ክንፉን ወድደን አስተዳደጉን የምንጠላ ከሆነ ግን፥ ከወረቀት ቆርጠን በየመስኮቱ ብንለጥፍ ድካሙ ይቀልልናል።