«ፈሪ» ላለመባል ከአራተኛ ፎቅ…?

የፍቅር ደብዳቤዎቻችሁ ተከምረው እየጠበቁን ነው፤ አልረሳናቸውም። ዛሬ ግን ከጎንደር የደረሰንን የአንድ ልስን ሠራተኛ ደብዳቤ እናስቀድማለን።

ጸሐፊው የ22 ዓመት ወጣት ነው። ያደገው ከደባርቅ ወዲያ፣ ስሜን ገደል አፋፍ ላይ ነው። አሁን ከተማ ገብቶ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አጣና ላይ ቆሞ ይለስናል። «መታሰሪያ ይሰጠን ብዬ ብጠይቅ ካፖው ‹የስሜን ልጅ ሆነህ ከፍታ ትፈራለህ?› ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቼ ‹ፈሪው› ይሉኛል። ሥራውን እንዳልተወው እናቴና ሁለት እህቶቼ የሚያዩት የእኔን እጅ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?» ይላል።

ወንድማችን፣ ካፖህ ስሜንን በፎቶ ነው መሰል የሚያውቀው። ገደል አጠገብ ያደገ ልጅ የት እንደሚረግጥ ያውቃል እንጂ ገደልን አይንቅም። ጭላዳ ዝንጀሮም ቢሆን ገደል ላይ የሚያድረው የሲሚንቶ ባልዲ ተሸክሞ አይደለም! ደግሞም ገደሉ ድንጋይ ነው። ያንተ መቆሚያ በሚስማር የተያያዘ ባሕር ዛፍ ነው፤ በክረምት ይርሳል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩም ይላላል።

አባቶቻችን እንኳ በዚህ አልቀለዱም። ትግራይ የሚገኘውን የደብረ ዳሞን ገዳም ያየ ያውቀዋል፤ 15 ሜትር ገደማ የሆነው ገደል የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። ወጪው አንዱን ገመድ ጨብጦ ሲወጣ ሌላ ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰርና ከላይ ያሉት ይይዙለታል። አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ላለመውደቅ። መነኮሳቱን «ፈሪ» ያላቸው ሰው አልሰማንም።

ፈረንጆቹም የተማሩት እየሞቱ ነው። በአሜሪካ የሳንፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሠራ ከሥር መረብ ተዘርግቶ ነበር። 19 ሠራተኞች ወድቀው መረቡ አተረፋቸው። ሰዎቹ ቀልደኞች ስለነበሩ ራሳቸውን «ወደ ሲኦል ግማሽ መንገድ የሄዱ» ብለው ማኅበርተኛ ሆኑ። በ1937 ግን የሥራ መድረኩ ራሱ ከነሠራተኞቹ ሲወድቅበት መረቡ ተቀደደና 10 ሰው አለቀ።

አራተኛ ፎቅ ወደ 12 ሜትር ነው እንበል። ከዚያ የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ ሁለት ሴኮንድ አይሞላውም፤ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «እማዬ!» ለማለት እንኳ አይበቃም። ሄልሜት አድርጌያለሁ አትበል፤ ሄልሜት ከላይ ለሚወድቅብህ ዕቃ ነው እንጂ አንተ ለምትወድቀው አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ። ሕጉ ካንተ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያሳይ ያስገድዳል። አንቀጽ 32ን ደግሞ ልብ በል፦ ለሕይወትህ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሳውቀኸው አሠሪው በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ትችላለህ። ስለዚህ ብቻህን ሄደህ አትሳቅ። ሦስት አራት ሆናችሁ፣ በጽሑፍ፣ ለካፖው ሳይሆን ለኮንትራክተሩ ስጡ፤ አንድ ቅጂ እጃችሁ ይቅር። ዝም ካለም የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ።

ለእነዚያ ለሚስቁብህ ደግሞ ይህን ንገርልን። ሴፍቲ ቤልት ተሰጥቷቸው፣ አድርጉ ተብለው በግልጽ ታዘው፣ «ያሞቃል» ብለው ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉትና ቢወድቁ፣ በአንቀጽ 96 መሠረት ጉዳቱ ሆን ብለው በራሳቸው ላይ እንዳደረሱት ሊቆጠርና ካሣው ሊቀር ይችላል። ሰክሮ ሥራ የገባም እንደዚያው ነው። (የሰኞ ጠዋት ደንበኞች፣ ሰማችሁ?)

ቤልቱ ቢመጣ ደግሞ ዝም ብለህ አትታጠቀው። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ሲይዝህ አከርካሪና ሆድ ዕቃ ይጎዳል፤ ትከሻንና ጭንን የሚይዘውን ጠይቅ። ጠርዙ የተበላ፣ ስፌቱ የለቀቀ፣ ሲሚንቶ ያደረቀው ከሆነ መልሰው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ይዞ ያዳነ ቤልትም ሥራው አበቃ፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ዋናው ግን የት ታስሮ ነው? ብዙዎች አጣናው ላይ ያስሩታል፤ አጣናው ሲናድ አብሮ ይዟቸው ይወርዳል! ከራስህ ከፍ ብሎ በደረቀ የኮንክሪት ኮለን ወይም ቢም ላይ ይታሰር። ገመዱም አይርዘም፤ ረጅም ከሆነ ሳይይዝህ መሬት ትደርሳለህ።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፦ ቤልቱ ይዞህ ተንጠልጥለህ ብትቀርስ? ማሰሪያው ጭን ላይ ስለሚያጠብቅ ደም እግር ላይ ይቀራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ሥራ ሳትጀምሩ ማን፣ በምን እንደሚያወርድህ ተነጋገሩ። ብቻህን ከሆንክ አትውጣ።

ሴት አንባቢዎቻችን፣ «ፈሪ ወንድ አንወድም» የምትሉ ካላችሁ ለዚህ ልጅ አትጻፉለት። ሌሎቻችሁ ደብዳቤያችሁን ላኩ፤ እናደርስለታለን።