የሕፃኑ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለችው ቢጫ ቀጭኔ

ዛሬ የማወራው ስለ ግድግዳ ነው። አዎ፣ ስለ ግድግዳ።

ባለፈው ሳምንት ጀልዴሳ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ባለቤቷ ለሕፃኑ ባዘጋጁት ክፍል ግድግዳ ላይ ይስላል፤ ቢጫ ቀጭኔ፣ ብርቱካናማ ፀሐይ፣ ከታች አረንጓዴ ሣር። እሷም ብሩሽ ይዛ ከጎኑ ትስቃለች። «እንዴት ነው?» ብላኛለች። እኔ ደግሞ «ያምራል» ማለት ሲገባኝ «ቀለሙ የምንድነው? ጣሳውን አንሺልኝ» ብዬ ጻፍኩላት።

«አቦ ተወን! አንተ ሁሉንም ነገር በሽታ ታደርገዋለህ» አለችኝ።

የጣሳው ፎቶ በማግስቱ መጣ። በር ተቀብቶበት የተረፈ የቆየ የዘይት ቀለም ነው። ስለ እርሳስ ምንም አልተጻፈበትም።

ጭንቀቴ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ተማሪ እያለን በበጎ ፈቃድ ተሰባስበን የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ቀብተን ነበር። ፊደል፣ አንበሳ፣ ኳስ። ያብረቀርቃል፣ ሲቆሽሽም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል ብለን የዘይት ቀለም መረጥን። ጣሳው ላይ ምን እንደተጻፈ ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም የሕክምና ተማሪዎች ነን እንግዲህ። በዓመቱ ስንመለስ የአንበሳው ጎፈር ተነስቷል፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ቁራጩን በጥፍሯ እየላጠች ጣቷን ወደ አፏ ትከታለች። ያ ቀለም ውስጡ ምን እንደነበረው እስከዛሬ አላውቅም።

እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም (እሱ ግራፋይት ነው፣ እርሳስ የለበትም)። ብረቱን ነው። በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለሞች ቀለማቸውን የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ሊድ ክሮሜት ከሚባል የእርሳስ ውህድ ነበር። አረንጓዴውም ብዙ ጊዜ ቢጫው ተደባልቆበት ነው የሚሠራው። እንግዲህ የልጅ ክፍል ስንስል የምንመርጠው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ አስቡት።

ቀለሙ ሲያረጅ ይላጣል፣ ዱቄት ሆኖ ወለል ላይ ያርፋል። ልጅ ደግሞ ወለሉ ላይ ይድሃል፣ እጁን ይልሳል። ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ወደ ደሙ የሚገባው ከአዋቂ ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ የብረት ማዕድን እጥረት ካለበት ይብሳል። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው። ዓመታት ቆይቶ «ትምህርት አይገባውም፣ አይረጋም» ተብሎ ነው የሚመጣው፤ አእምሮ ላይ የደረሰው ጉዳት ደግሞ አይመለስም። በደም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚለካው ምርመራ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን እንደልብ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም የሚለው በምክንያት ነው። እናት የወሰደችውም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። እህቴ ብሩሽ ይዛ ስትስቅ እኔ ያየሁት ይሄንን ነበር።

ሀገራችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ደንብ አውጥታለች፤ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይላል። ደንቡ ግን ዕቃ ቤት የከረመ ጣሳ ጋር አይደርስም፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ ጋርም አይደርስም።

ታዲያ አትሳሉ ነው የምለው? በፍጹም። ግን ጥድፊያው ለማን ነው? አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ማለትም ሲጠባ የእናቱን ፊት። ቀለማትን በደንብ ለመለየት ወራት ይፈጅበታል። የመጀመሪያዎቹን ወራትም ከእናቱ ጋር አንድ ክፍል ቢተኛ ነው የሚመከረው። ቀጭኔዋ ለእኛ ናት፣ ለፎቶ።

ስለዚህ ቆዩ። ስትስሉ ደግሞ በውሃ የሚበጠበጠውን ቀለም ግዙ፤ «ከእርሳስ ነጻ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። መስኮት ክፈቱ፣ ነፍሰ ጡሯ ትውጣ፣ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ልጁን አታስገቡ። አሮጌ የዘይት ቀለም ካለ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ከመላጡ ይልቅ አቧራው ነው የከፋው። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ አትጥረጉት በመጥረጊያ።

ለእህቴ ግን ሌላ ሐሳብ ሰጠኋት፤ አቡጀዲ ላይ ሳሉና ስቀሉት። ሲቆሽሽ ይወርዳል፣ ልጁ ሲያድግ ይቀየራል። ቀጭኔም ምን ያደርጋል? ድሬዳዋ እንደ አውሮፓውያን በ1902 ከባቡሩ ጋር ሳትቆረቆር በፊት የዘይላ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሐረር ሲወጣ ጀልዴሳ ያርፍ ነበር፤ አቡጀዲውም በግመል ነው የመጣው። ልጁ በመስኮት የሚያየው ግመል ነው፤ ግመል ሳሉለት።

ትናንት ማታ ደወለች። ብሩሹን አስቀምጣለች፣ ክፍሉም ተዘግቷል። ቀጭኔዋ ጭንቅላት ሳይኖራት አንገቷ ላይ ቆማ ቀርታለች፤ ባሏ ትንሽ አኩርፎኛል። አቡጀዲ ስንት ሜትር እንደሚበቃ ግን ጠይቆኛል።