ጋዜጣ የሚያነብ ሰውነት

ዳንሰኛ መድረክ ላይ እየጨፈረ ሲናገር ቅር የሚላቸው ሰዎች አሉ። «ወይ ይጨፍር፣ ወይ ያውራ» ይላሉ። እኔ ግን ዳንስ ትልቁን ሥራውን የሚሠራው ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ባይ ነኝ። ምስክሬም ዳንሰኛዋ ሲሞን ፎርቲ ናት።

ፎርቲ በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። ያን ጊዜ አገራችንን ወርሮ የነበረው የሙሶሊኒ መንግሥት በ1938 በአይሁዶች ላይ የዘር ሕግ አወጣ። አባቷ ጋዜጣ ከእጁ የማይለይ ሰው ነበርና የሚመጣውን ቀድሞ ተረድቶ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። ኑሯቸውም ሎስ አንጀለስ ሆነ።

አባቷ ካረፈ በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ፎርቲ ራሷ ጋዜጣ ማንበብ ያዘች፤ ያነበበችው በመላ ሰውነቷ ነበር። ጋዜጣውን ወለል ላይ ትበትነዋለች፣ ትረግጠዋለች፣ ትንበረከክበታለች፤ እየተንቀሳቀሰችም ስለ ዜናው ትናገራለች። ቃሉም እርምጃውም እዚያው የሚወለዱ ናቸው። ይህን ሥራዋን «ኒውስ አኒሜሽንስ» (ዜናን ማንቀሳቀስ) ትለዋለች። ዜና የሚወራው በግፊትና በሚዛን ነው፦ ምንዛሪ ይወድቃል፣ ጦር ይገፋል፣ መንግሥት ይንገዳገዳል። መውደቅንና መንገዳገድን ደግሞ ዳንሰኛ በአጥንቱ ያውቃቸዋል። ስለዚህ አንባቢ በዓይኑ ብቻ የሚያልፈው ወሬ እሷ ዘንድ ክብደት ያገኛል።

«ያልተዘጋጀ ነገር ምን ጥበብ አለው?» ለሚሉ መልሱን አዝማሪ ቤት ያገኙታል። አዝማሪው ለተሰጠው ስም ወዲያው ግጥም የሚገጥመው ዕድሜውን ሙሉ ስለሠራበት ነው። ፎርቲም እንዲሁ ናት። በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከዳንስ መምህርቷ ከአና ሃልፕሪን ዘንድ በቅጽበት መፍጠርን ለዓመታት ተማረች። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሮም መካነ አራዊት እየሄደች እንስሳቱ እንዴት እንደሚራመዱና እንደሚዞሩ ተመለከተች፣ ሣለች። መድረክ ላይ ድንገት የመጣ የሚመስለው ሁሉ ከዚህ ጎተራ የሚወጣ ነው።

የቬኒስ ቢየናሌ በ2023 ለዕድሜ ዘመን ሥራዋ የወርቅ አንበሳ ሸልሟታል። የሚገባት ክብር ነው፤ ሥራዋ ግን ከሽልማት መድረክ ይልቅ የዳንስ መማሪያ ክፍል ያስፈልገዋል። የዳንስ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪው እርምጃ ቆጥራችሁ ከሰጣችሁት በኋላ የዕለቱን ጋዜጣም ስጡት። እየተንቀሳቀሰ ይናገርበት። በዙሪያው የሚሆነውን በሰውነቱ የመረመረ ወጣት፣ ዳንሰኛ ባይሆን እንኳ ዜና ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይሆንም።